ገዳዩን ለመያዝ የግድ ወጀብ ይነሳ?

የሁለት አንባቢዎች ክርክር ነው። ወጀብ ወይም በረዶ በዘጋው ቦታ ሰው የሚገደልባቸው የወንጀል ልቦለዶች የደራሲ ብልሃት ናቸው ወይስ ስንፍና?

ተቃዋሚ፦
ስንፍና ነው። ደራሲው ስልኩን ይቆርጣል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ከዚያ ማን ይጠይቀዋል? የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልቦለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን የ1939 (እ.ኤ.አ.) ልቦለድ እንይ። አሥር ሰዎች እንግሊዝ ውስጥ ዴቨን ዳርቻ ያለች ደሴት ላይ ናቸው። ወጀብ ይነሳል፣ ጀልባ የለም። ባይነሳ ኖሮ ሁለተኛው ሰው ሲሞት ሁሉም ሻንጣውን ይዞ እብስ ይል ነበር።

ደጋፊ፦
እህቴ፣ መጽሐፉን ደግመሽ እዪው። ጀልባው የቀረው ወጀቡ ሳይነሳ ነው! ጠዋት ባሕሩን እያዩ ቢጠብቁ ብቅ የሚል የለም። ወደ ደሴቷ የጠራቸው ጋባዥ ነገሩን አስቀድሞ ጨርሶታል። ያገታቸው ሰው እንጂ ነፋስ አይደለም።

በ1934ቱ የክሪስቲ የኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ልቦለድ ደግሞ በረዶው ጭራሽ የገዳይ ጠላት ነው። ባቡሩ ዩጎዝላቪያ ውስጥ በበረዶ ክምር ተይዟል። የሟቹ ክፍል መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ገዳዩ በዚያ አመለጠ እንዲባል። ውጭ ግን በረዶው ላይ አንድም የእግር ዱካ የለም! ባቡሩ ባይቆም ኖሮ "ሰውየው ጣቢያ ላይ ወርዶ ጠፋ" ተብሎ ይታለፍ ነበር። (መጨረሻውን አልናገርም፤ ያላነበበ አለ።) ነገሩ ከሜዳ የመጣም አይደለም፤ በ1929 እውነተኛው ባቡር ቱርክ ውስጥ ቸርከዝኮይ አጠገብ በረዶ ውጦት ለቀናት ቆሟል።

ተቃዋሚ፦
ወንድሜ፣ የመሰከርከው ለእኔ ነው። ጀልባው ያለ ወጀብም የሚቀር ከሆነ ወጀቡ ምን ሊሠራ መጣ? መስኮት እያንኳኳ ሊያስፈራራን! ባቡሩ ላይም የባቡር ድርጅቱ ኃላፊ መርማሪውን ፖዋሮን የሚለምነው ፖሊስ ሳይደርስ ጨርስልን ብሎ ነው። በረዶው ዱካ አሳየ ትላለህ፤ እኔ ደግሞ ደራሲዋን ከፖሊስ ገላገላት እላለሁ። ሰው እኮ የሚገደለው መንገድ ክፍት ሆኖ፣ ጎረቤት እየሰማ ነው። መሄድ እየቻሉ የማይሄዱትን ተጠርጣሪዎች ጻፉልኝ።

ደጋፊ፦
እነሱንማ ዜና ላይ በየቀኑ አገኛቸዋለሁ። ልቦለድ ስገዛ የምፈልገው የተጠርጣሪው ቁጥር እንዲቆረጥልኝ ነው። ከውጭ የሚጨመር የለም፤ ገዳዩ እዚያው አብሮ ምሳ ይበላል። ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሰምቼው የማላውቀው የአጎት ልጅ ብቅ ይልና "ብሬን መልሱልኝ" ያሰኘኛል።