ማስተካከያ፦ ስለ ቴክሳሱ ትኩስ የቺዝ ማጥቀሻ

ቺሌ ኮን ኬሶ የተባለውን የቴክሳስ ማጥቀሻ አሠራር ባለፈው ስናካፍላችሁ ሁለት ስህተት ሠርተናል። ለ225 ግራም ቸዳር ቺዝ የሚበቃው የበቆሎ ስታርች 1 የሾርባ ማንኪያ ነው፤ 1 ስኒ ብለን ነበር። በዚያ ልክ ሠርታችሁ ገንፎ ለሆነባችሁ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የባሰው ግን «በኃይለኛ እሳት አፍሉት» ማለታችን ነው። ቺዝ ሙቀት ሲበዛበት ፕሮቲኑ ይኮማተርና ቅባቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል። ስታርቹን በተፈቀፈቀው ቺዝ ላይ ነስንሱና አሹት፤ 354 ሚሊ ሊትር ስኳር ያልገባበት የቆርቆሮ ወተት ጨምሩበት። በዝግታ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉት፤ 5 ደቂቃ ገደማ ሲሞላው ይወፍራል፣ ወዲያው አውርዱት። ቺዙን ራሳችሁ ብትፈቀፍቁት ይመረጣል፤ ተፈቅፍቆ የታሸገው እንዳይጣበቅ ዱቄት ስለሚነሰነስበት እንደልብ አይቀልጥም። የተከተፈው ቃሪያና ቲማቲም መጨረሻ ላይ ይገባል።