የምግብ ዘይት ለአሮጌ የናፍጣ መኪና፦ የትኛው ዘይት፣ በየትኛው ሞተር?

የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ፣ አሮጌ የናፍጣ መኪና ካላቸው ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ የናፍጣ ሞተር በምግብ ዘይት ይሠራል ይባላል፣ ታዲያ ለምን አንሞክረውም? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል። የሞተሩ ፈልሳፊ ሩዶልፍ ዲዝል በኋላ እንደጻፈው፣ ሐሳቡ የፈረንሳይ መንግሥት ሲሆን ዓላማውም በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች በብዛት የሚበቅለውን ኦቾሎኒ እዚያው የኃይል ምንጭ ማድረግ ነበር። ስለዚህ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ ከመቶ ዓመት በፊት ተሰጥቷል። እኔን የሚያሳስበኝ በየትኛው ሞተር፣ በየትኛው ዘይት፣ ከማን ማዕድ ተነሥቶ የሚለው ነው።

የዘይት ዋነኛ ችግር ውፍረቱ ነው። ሳይሞቅ ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚወፍር፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኖዝል እንደ ጉም አድርጎ መርጨት ሲገባው በጠብታ ይረጨዋል፤ ሳይቃጠል የቀረው ኖዝሉ ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል፣ ሌላውም ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች፣ በፋሻዎቹ፣ በኩል ሾልኮ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ያረጋዋል። እንደ መርሴዲስ 240ዲ ያሉት የድሮ ሞተሮችና በአገራችን በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር፣ ነዳጁ መጀመሪያ በትንሽ ቅድመ ክፍል ውስጥ ስለሚቀጣጠል ይህን ውፍረት በተሻለ ይሸከማሉ። ነዳጁ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ በሚረጭባቸው የጭነት መኪናዎች ግን አደጋው ይጨምራል፤ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩት አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ጨርሶ ሊሞከርባቸው አይገባም። በጀርመንና በሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ የነዱ ሰዎችም ዘይቱን እንዲሁ አልጨመሩም። ሁለተኛ ታንክ ይገጥማሉ፣ ሞተሩን በናፍጣ ያስነሳሉ፣ ዘይቱ በራዲያተሩ ውሃ 70 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ወደ እርሱ ይቀይራሉ፣ ከማጥፋታቸው በፊትም መልሰው ናፍጣ ያስገባሉ።

አሁን ወደ እኛ ኩሽና እንምጣ። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት፣ በተለይም ሁላችንም የሚረጋ ዘይት ብለን የምናውቀው፣ በደብረ ብርሃን ማለዳ በነዳጅ ቱቦ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጀሪካኑን ማየት ይበቃል። ኑግ አይረጋም፤ ነገር ግን አየርና ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ከሚደርቁት ዘይቶች ወገን ነው፤ ተልባማ ከእርሱም ስለሚብስ ከጥንት ጀምሮ ለቀለም መሥሪያ ሲያገለግል ኖሯል። በቀለም ላይ ጥሩ የሆነው ጠባይ በፋሻና በኖዝል ላይ ጥፋት ነው። ከቤታችን ዘይቶች አንዱ ለብርዱ፣ ሌላው ለሙቀቱ አይመችም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዘይት ምግብ ነው። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ከአንድ ሊትር ናፍጣ በላይ በሚሸጥበት፣ አብዛኛውም በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር፣ በተለይም ቅቤ ቀርቶ ወጡ ሁሉ በዘይት በሚሠራበት በዐቢይ ጾም፣ አዲስ ዘይት ታንክ ውስጥ መገልበጥ ለባለ መኪናውም አያዋጣም፣ ለጎረቤቱም ጉዳት ነው።

መፍትሔው ያለው ሥራውን በጨረሰው ዘይት ውስጥ ነው። በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ የተጠበሰበት ዘይት ዛሬ ወይ ወደ ፍሳሽ ይደፋል፣ ወይ እስኪጠቁር ድረስ ድንች፣ ሳምቡሳና ፓስቲ ይጠበስበታል፤ ይህ ሁለተኛው የሕዝብ ጤና ጉዳይ ስለሆነ ዝም ሊባል አይገባም። ይህንኑ ዘይት አጣርቶ፣ ውሃውን አስወጥቶ፣ ለ1 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ያህል ሜታኖል የተባለ አልኮልና ጥቂት ግራም ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮ በ55 ዲግሪ ገደማ ሲማሰል፣ ከዘይቱ የሚለየው ወፍራም ፈሳሽ፣ ግሊሰሪኑ፣ ከሥር ይዘቅጣል፣ ከላይ ለናፍጣ የሚቀርብ ቀጭን ነዳጅ ይቀራል። የሶዳው መጠን ግን ዘይቱ ምን ያህል እንደኮመጠጠ ተለክቶ መወሰን አለበት፤ ያለዚያ የሚወጣው ሳሙና ነው። ሜታኖል ዐይን የሚያሳውር መርዝ በመሆኑም ሥራው በግቢ በርሜል የሚሞከር አይደለም፤ ባለሙያና ፈቃድ ይፈልጋል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል፣ ማለትም አልኮል፣ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ሊሸጥ ከቻለ፣ ለናፍጣም ተመሳሳይ ሥርዓት መዘርጋት ከአቅማችን በላይ ነው ብዬ አላምንም። የከተማው አስተዳደር ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስቡ ማኅበራት ፈቃድ ይስጥ፤ ትልልቅ ሆቴሎችም የተጠቀሙበትን ዘይት ለማን እንዳስረከቡ እንዲመዘግቡ ይገደዱ።

እስከዚያ ድረስ ካገለገለ ዘይት እንዲህ የተሠራውን ነዳጅ በሆነ መንገድ ያገኘ ባለ መኪና ከናፍጣ ጋር በትንሽ መጠን ቀላቅሎ ይጀምር። ይህ ነዳጅ በአሮጌ ታንክ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ እያሟሟ ይዞ ስለሚመጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊልትሮ ሊደፈን ይችላል፤ መለዋወጫ ፊልትሮ በመኪናው ውስጥ ይያዝ። ጎማ የሆኑት የድሮ የነዳጅ ቱቦዎችም ስለሚያብጡና ስለሚለሰልሱ፣ ማንጠባጠብ ሳይጀምሩ ቀድመው ይቀየሩ።