ከረሜላው ነጭ ባይሆን ምን ይጎድለዋል?

በየሰፈሩ ሱቅ ባንኮኒ ላይ የተደረደረውን ማስቲካና ከረሜላ ልጆች የሚገዙት በፍሬ ነው። ክቡን ማስቲካ ለሁለት ቢከፍሉት፣ ከቀዩ ወይም ከቢጫው ቀለም ሥር ኖራ የመሰለ ስስ ሽፋን ይታያል። ብዙ ጊዜ ያን ንጣት የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ከማዕድን የሚሠራ ዱቄት ነው። በምግብ ማሸጊያ ላይ “ኢ 171” ተብሎ ይጻፋል፤ በጥርስ ሳሙና ላይ ደግሞ “ሲአይ 77891”።

ይህ ዱቄት ጣዕም የለውም፤ ምግብ እንዳይበላሽም አያደርግም፤ ለሰውነትም አንዳች ነገር አይጨምርም። ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ለዓይን እንዲያምር ብቻ ነው።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ጉዳዩን እንደገና መርምሮ፣ ደቃቅ ቅንጣቶቹ ዘረ መልን ሊጎዱ ይችላሉ የሚለውን ስጋት ማስወገድ እንዳልቻለ አስታወቀ። ስለዚህም “እስከዚህ ድረስ ቢበላ አይጎዳም” የሚባል መጠን መወሰን አልቻለም። ፈረንሳይ ቀድማ በ2020 ከምግብ አግዳው ነበር፤ መላው የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ተከተላት።

መርዝነቱ ተረጋግጧል ማለት ግን አይቻልም። ብሪታንያና ካናዳ በአውሮፓ መደምደሚያ አልተስማሙም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2023 አሳሳቢ ሆኖ አላገኘውም። አሜሪካ ከ1966 ጀምሮ ከምግቡ ክብደት እስከ አንድ በመቶ ትፈቅዳለች።

ባለሙያዎች ባልተስማሙበት ነገር ጥርጣሬውን ማን ይሸከም? እኔ የምለው፣ ሕፃናት አይሸከሙት ነው። ይኸው ዱቄት በፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ቆዳቸውን ከካንሰር የሚጠብቅ ጋሻ ነው። በግድግዳ ቀለምም እርሳስ ከተባለው ብረት የሚሠራውን መርዛማ ነጭ ቀለም ተክቶ ብዙ ልጆችን ታድጓል (ደረቅ ዱቄቱን የሚቀላቅለው ሠራተኛ ግን እንዳይተነፍሰው ጭምብል ሊቀርብለት ግድ ነው)። አውሮፓም ብትሆን መድኃኒት እንዳይጠፋ በመስጋት የክኒን ሽፋን ላይ አልከለከለችውም። በእነዚህ ሁሉ ጥቅሙ ከጥርጣሬው ጋር ይመዘናል። ከረሜላ ላይ ምኑ ይመዘናል?

ያለ እሱ መሥራት አይቻልም የሚል አምራች ካለ ስኪትልስ የተባለውን ከረሜላ ይመልከት። ባለቤቱ ማርስ የተባለው ኩባንያ ለአውሮፓ ገበያ ያለ ዱቄቱ ሲያመርት ቆይቶ፣ በ2024 መጨረሻ ከአሜሪካውም አውጥቶታል።

ማሸጊያው ላይ ከተጻፈ ይበቃል የሚለው መልስ ለእኛ አገር አይሆንም። ዝርዝሩ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው፤ ሳንቲም ይዞ የመጣው ልጅ እጅ የሚገባው አንድ ፍሬ ነው። ወላጅ ላንብብ ቢል እንኳ የሚያነበው የለም። ስለዚህ መቆም ያለበት ከፋብሪካው በርና ከጉምሩክ ነው።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ተጨማሪ ላይ ያለውን አቋም በግልጽ እንዲነግረን፣ ቢያንስ ለልጆች ከሚሸጡ ጣፋጮች እንዲያስወጣው እጠይቃለሁ። አውሮፓ ለአምራቾቿ የስድስት ወር መሸጋገሪያ ሰጥታ ነበር፤ ለእኛዎቹ አንድ ዓመት ቢሰጣቸው አልቃወምም። እስከዚያው ባለሱቆች ካርቶኑን ከመጣል በፊት “ኢ 171” የሚል እንዳለበት አይተው ለጠየቃቸው ወላጅ ይንገሩ።