ወደ ተራራው የሚወስድ አውቶቡስ

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ነው። ሰማዩ የጠራ ዕለት ከሕንፃዎቹ ጀርባ አንድ ተራራ ይታያል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስታየው ኖራለች። እግሯ ግን አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት የእሁዱን የተራራ ጉዞ ፎቶ ሳሳያት ስልኬን ተቀብላ አንድ በአንድ፣ እያሰፋች ታያለች። አንድ ሰኞ «በመኪናችሁ ትርፍ ቦታ አይኖርም?» አለችኝ። አልነበረም። የምንሄደው አምስት ሆነን ነው፤ መኪናዋም የምትይዘው አምስት ሰው ነው። «ሌላ ጊዜ» አልኳት። ሌላ ጊዜም አምስት ነበርን።

ያ «ሌላ ጊዜ» ሲከነክነኝ ከረመ። ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝም እሱ ነው።

ሐሳቤን ሳላንዛዛ ልናገር። ትልቅ ከተማ ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ሰውን ወደ ቅርብ ተራራና ጫካ የሚያደርስ አውቶቡስ ወይም ባቡር ሊኖረው ይገባል። ሰው ሥራው ቦታ እንዲደርስ መስመር ይዘረጋለታል። አየር እንዲቀበል፣ እግሩን እንዲያፍታታም ይዘርጋለት።

የቀን ሀይኪንግ (በዕለቱ ሄዶ የሚመለሱበት የእግር ጉዞ) መረጃ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ፣ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ» የሚል ነው። መኪና ያለው ሰው ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ለሌለው ግን ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። የትም ትልቅ ከተማ ብትሄዱ መኪና የሌለው ሰው ብዙ ነው። ተማሪው አለ። ጡረተኛው አለ። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ያቆመው አለ። በእኔ እምነት ከጠባብ ቤት ወጥቶ ሰፊ ሰማይ ማየት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ይኸው ሰው ነው።

ደግሞስ መኪና ያለን ሰዎች መቼ ተመቸን?

የቀን ጉዞ ማለት የሰዓት ስሌት ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ቀመር ዛሬም ትሠራለች። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዙ። ሽቅብ ለምትወጡት ለየ600 ሜትሩ ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 900 ሜትር የሆነ መንገድ ወደ 4 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ይህም ጉልበት ላለውና ሳያርፍ ለሚሄድ ሰው ነው። ዕረፍቱ፣ ምሳው፣ ጫማ ማሰሩ፣ ፎቶው ሲጨመር 6 ሰዓት ይገባል። ለመሄጃ 2 ሰዓት፣ ለመመለሻ 2 ሰዓት መንዳት ሲታከልበት 10 ሞላ። ቀኑ አለቀ። መንገድ ላይ የባከነች ግማሽ ሰዓት ሁሉ የምትቀነሰው ከተራራው ላይ ነው።

በእኛ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። አንድ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መነሻው ጋ ደረስን። መኪና ማቆሚያው ቢበዛ ሠላሳ መኪና ይይዛል። ሞልቷል። ከዚያ ወዲያ መኪናው ግማሽ ጎኑ ሣር ላይ፣ ግማሹ አስፋልት ላይ ሆኖ እስከ መታጠፊያው ድረስ በግራና በቀኝ ተደርድሯል። አንድ አባት ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለከ ይሄዳል። ከኋላው ጥሩምባ ይነፋበታል። እኛም ስንዞር ቆይተን ራቅ ያለ ቦታ አቆምንና ሃምሳ ደቂቃ በአስፋልት ሄድን። ስንመለስም ሃምሳ ደቂቃ አለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጫፉ ፊት ለፊታችን እየታየ ተመለስን። መመለሳችን ልክ ነበር። በጨለማ ከመውረድ ጫፉ ይቅር። ያናደደኝ፣ ያንን ሁሉ ሰዓት የበላብን ማቆሚያ ፍለጋ መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። መኪና ይዞ የሄደ ሰው የግድ ወደ መኪናው ይመለሳል። ሸለቆውን በዚህ ገብቶ በዚያ መውጣት፣ ሸንተረሩን ተከትሎ ከአንድ መንደር ተነስቶ ሌላ መንደር መግባት የለም። በሄደበት መመለስ ወይም ዞሮ እዚያው መግጠም ነው። ለእኔ የእግር ጉዞ ትልቁ ደስታ ዞር ብዬ የተነሳሁበትን ቦታ በሩቁ አይቼ ወደፊት መቀጠል ነው። ያንን የሚሰጠኝ አውቶቡስ ነው። በአንዱ ፌርማታ እወርዳለሁ፣ በሌላው እሳፈራለሁ።

የመመለሻውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያነሳውም። 20 ኪሎ ሜትር የተጓዘ እግር ነው ፍሬን የሚረግጠው። አንድ ምሽት ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ተኝተዋል። የሚነዳው ጓደኛዬ መስኮቱን ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ከኮዳው ውሃ አፍስሶ ፊቱን አራሰ። ትንሽ ቆይቶ «አውራኝ» አለኝ። ምን ምን እንዳወራሁለት አላስታውስም። መሪው ላይ ያለውን እጁን እያየሁ፣ ወሬ እንዳያልቅብኝ ስጨነቅ ትዝ ይለኛል። በሰላም ገባን። ከዚያ ወዲህ ግን የተራራ አደጋ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ የአስፋልት መንገድ ነው።

ይህን ችግር የፈቱ ከተሞች አሉ። የአሜሪካዋን ሲያትልን እንውሰድ። ከከተማው በስተምሥራቅ ያሉት ተራሮች ግርጌ ልክ እኛ እንዳየነው በመኪና ሲጨናነቅ፣ ከተማዋ ያለችበት የኪንግ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 «ትሬይልሄድ ዳይሬክት» የተባለ የአውቶቡስ አገልግሎት በሙከራ ጀመረ። የሚሠራው የጉዞ ወቅት ሲደርስ፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። በቀጣዩ ዓመት መስመሮቹ ከከተማው ውስጥ ጭምር መነሳት ጀመሩ። ማውንት ሳይን የመሰሉ ሰው የሚጎርፍባቸው ተራሮች ሥር ያወርዳሉ። እኔን የሚማርከኝ አጀማመሩ ነው። አዲስ ሐዲድ አልተዘረጋም፤ ትልቅ ጣቢያም አልተገነባም። አውቶቡስ፣ ሹፌርና የሰዓት ሰሌዳ ነው።

የቪየና ደግሞ የተለየ ነው። ከተማዋ ራሷ ምልክት ያደረገችባቸውና በቁጥር የምትጠራቸው የእግር መንገዶች አሏት። 1 ቁጥሩን ለመሄድ «ዲ» የተባለውን ትራም ይዞ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ኑስዶርፍ መሄድ ነው። ከዚያ በወይን እርሻዎች በኩል ወደ ካለንበርግ ይወጣል። 11 ኪሎ ሜትር ያህል ተዞሮ እዚያው ትራሙ ጋ ይመለሳል። ያው ሌላ ቀን ሰው ለሥራ የሚሳፈርበት ትራም ነው።

ቶኪዮም አለች። 599 ሜትር ከፍታ ያለው ታካኦ ተራራ ከሺንጁኩ ጣቢያ በባቡር 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሄድበታል። የኦስሎ ሜትሮ 1 ቁጥር መስመር ሽቅብ ወጥቶ ፍሮግነርሴተረን ላይ ሲያበቃ ከባቡሩ የወረደ ሰው ወዲያው ጫካ ይገባል። ከኒው ዮርክ በስተሰሜንም ረጅሙ የአፓላቺያን የእግር መንገድ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ በመንገዱ ስም የተሰየመች ትንሽ የባቡር ፌርማታ አለች።

«ተራራ መውጣት የቅንጦት ነገር ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ አይወጣበትም» የሚል አይጠፋም። ይህን ለሚል ሰው የኪንደር ስካውትን ታሪክ ላንሳለት። ኪንደር ስካውት እንግሊዝ ውስጥ በማንችስተርና በሼፊልድ መሃል ያለ፣ 636 ሜትር ከፍታ ያለው አምባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መሬቱ የባለጸጎች የወፍ ማደኛ ነበር። ዘበኛ ይጠብቀዋል። ከታች ሳምንቱን ሙሉ ጭስ ሲምግ የሚከርም የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ከፋብሪካው ሲወጣ የሚያየው ያንን አምባ ነው። መርገጥ ግን ክልክል ነው።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 24 ቀን 1932፣ እሁድ ዕለት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከሄይፊልድ መንደር ተነስተው ሳይፈቀድላቸው ሽቅብ ወጡ። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ፖሊስ ባቡር ጣቢያ እንዳይዘው በብስክሌት ነው የመጣው። ላይ ሲደርሱ ከዘበኞቹ ጋር ተያያዙ። በኋላ አምስት ወጣቶች እስር ተፈረደባቸው። የሮትማን 4 ወር ነው። በእግር ለመሄድ ብለው ነው ይህን ሁሉ የቀመሱት። እ.ኤ.አ. በ1951 ያ አካባቢ የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገባ። በእንግሊዝና በዌልስ ክፍት መሬት ላይ በእግር የመሄድ መብት በሕግ የተጻፈው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

እነዚያ ልጆች የጠየቁት በሩ እንዲከፈትላቸው ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ በሩ ክፍት ነው። ባልደረባዬን ያስቀራት በሩ ጋ የሚያደርሳት ማጣቷ ነው።

«ሰው ከበዛ ተራራው ይበላሻል» የሚለውን ስጋት ግን አላጣጥለውም። በዓይኔ አይቼዋለሁ። መንገዱ ጭቃ ሲሆን ሰው ጭቃውን ሽሽት ጎን ጎኑን ይሄዳል። ጎኑ በተራው ጭቃ ይሆናል። አንድ ሜትር የነበረች መንገድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ትሰፋና ሣሩ ሳይመለስ ይቀራል። ከኪንደር ሥር፣ ከኤዴል መንደር የሚነሳውና እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው ፔናይን ዌይ የተባለ ረጅም የእግር መንገድ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ታዲያ ምን ተደረገ? ከተዘጉ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል ላይ የተነሱ ሰፋፊ ድንጋዮች ተወስደው በረግረጉ ላይ ተነጠፉ። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ቆሞበት ይውል የነበረው ድንጋይ ዛሬ አምባው ላይ ሰው ይሄድበታል። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ መንገዱን መጠገን ይቻላል። ማቆሚያውን እያሰፉ መሄድ ግን ሰው ሊያይ የመጣውን ጫካ መቁረጥ ነው። አውቶቡስ ስንት ሰው እንዳመጣ ይታወቃል። አንዱ መነሻ ሲጨናነቅ ቀጣዩን ወደ ሌላው መላክ ይቻላል። በየአቅጣጫው ተነስቶ የሚመጣን መኪና ማን ይቆጥረዋል?

ከሁሉ በላይ የምሰማው ፍርሃት «አውቶቡሱ ቢያመልጠኝስ?» የሚል ነው። ትክክለኛ ፍርሃት ነው። እኔ የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት እይዝና አንድ ሰዓት እቀንሳለሁ። ከዚያ ተነስቼ ወደኋላ እየቆጠርኩ፣ የትም ብደርስ የምመለስበትን ሰዓት እቆርጣለሁ። ለሁሉም እናገራለሁ። ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቀረው ቢባልም ሰዓቱ ከደረሰ እመለሳለሁ። የራስ ባትሪና ሞቅ ያለ ልብስ ከቦርሳዬ አይጠፉም፤ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከታች ላብ ያሰመጠው ሰው ከላይ ንፋስ ላይ ሲቆም ነው የሚንቀጠቀጠው።

ግን የተጓዡ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። መስመሩን የሚያቅደው ሰው ራሱ አንድ ቀን ተራራው ላይ ውሎ ቢያቅደው ደስ ይለኛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሚነሳ አውቶቡስ ለተራራ አይሆንም። የመጀመሪያው ጎህ ሲቀድ ይነሳ። የመጨረሻው ከመሸ በኋላ ይምጣ፤ ሰው ቁልቁለቱን እንዳይሮጠው። ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ሰዓቱ ፌርማታው ላይ በሰሌዳ ይጻፍ። የመጨረሻው ሞልቶ ሰው ከቀረም ተመልሶ የሚወስድ ይኑር። አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ የተተወ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ቤተሰቡንም አያመጣም።

ባለፈው ወር መኪናውን ትቼ ከባልደረባዬ ጋር ሄድን። መንደሮቹን የሚያገናኝ ተራ አውቶቡስ አለ። ቅዳሜ ብቻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ያልፋል። ጠዋት ከግርጌው አወረደን። ቀስ ብለን ወጣን። የአዲሱ ጫማዋ ተረከዝ አስቸገራትና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ገለበጠችው። እኩለ ቀን አካባቢ የተራራው ትከሻ ላይ ስንደርስ ፊቷን ወደ ከተማው አዞረች። ጭጋግ ነበር። ቢሯችንን ለረጅም ጊዜ ፈለገችው። አንድ ሕንፃ ጠቁማ «ያ ነው?» አለችኝ። አልነበረም መሰለኝ፤ ግን እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

በወዲያኛው በኩል ወርደን ሌላኛው መንደር ፌርማታ ላይ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣሩ ላይ ዘረጋች። አውቶቡሱ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ ሹፌሩን «እሁድም አላችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

«እሁድ የለም» አላት።

ወንበሯ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ስልኳን አውጥታ የቀሩትን ቅዳሜዎች መቁጠር ጀመረች።