ጨጓራ እየተባለ የሚታለፈው ድብርት

ስለ ድብርት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ምልክቶቹን ሲዘረዝር ለቅሶንና ሐዘንን አስቀደመ። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግን ሰው የሚያማርረው ራስ ምታትን፣ ጨጓራንና ድካምን ነው፤ «ከፍቶኛል» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል። ተመርምሮ ምንም የለብህም የተባለ ሰው እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጣ፣ የሚወደው ሁሉ ካስጠላውና ይህም ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። አማኑኤል ሆስፒታል የሚኬደው ጨርቅ ሲጣል ብቻ ነው ያለው ማን ነው? (መንገዱ ሩቅ ነው፤ መጀመሪያ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይሻላል።) ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፣ ሐኪም ያዘዘለትን የድብርት መድኃኒት ግን አያቋርጥ፤ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚታከሙት የንግግር ሕክምናም በአንድ ቀጠሮ አያልቅም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዞ መሄድ ነው።