«ስንት ስቴንት ገባለት?»

ሰው ልቡን ታክሞ ሲወጣ ጠያቂ ሁሉ የሚያነሳት ጥያቄ ይቺው ናት። ስቴንት የጠበበ የልብ ደም ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ወንፊት ነው። ሦስት ከተባለ ከንፈር ይመጠጣል። አንድ ከተባለ ደግሞ «በዚህ ሁሉ ብር አንድ ብቻ?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የጠበበው ቦታ የልብ ደም ቧንቧ ለሁለት የሚከፈልበት መገንጠያ ከሆነ ቆጠራው ብዙም አይነግረንም ባይ ነኝ።

መገንጠያው ያስቸግራል። ዋናው ቧንቧ ውስጥ ስቴንት ሲዘረጋ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ስብ ወደ ቅርንጫፉ አፍ ሊገፋና ሊያጠበው ይችላል። ቅርንጫፉን ለማዳን ሁለተኛ ሲጨመር ደግሞ ብረት በብረት ላይ ይደረባል፣ እዚያ ላይ ደም ሊረጋ ወይም ቧንቧው ዳግም ሊጠብ ይችላል። ለዚህም ነው ብዙ ሐኪሞች በአንድ ጀምረው፣ ቅርንጫፉ ደህና ከሆነ እዚያው የሚያቆሙት።

አንድ ወይስ ሁለት የሚለው ጭቅጭቅ የሚከረው ለልብ ግራ በኩል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ቧንቧ፣ የግራው ዋና ግንድ፣ መገንጠያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ በቻይና ሐኪሞች የተመራው ዲኬ ክራሽ 5 ጥናት 482 ሰዎችን አነጻጸረ። በአንድ ዓመት ውስጥ የታከመው ቦታ ችግር ያመጣባቸው በአንድ ስቴንት ከተጀመረላቸው 10.7 በመቶ፣ በሁለት ከታከሙት 5 በመቶ ነበሩ። ሁለት ያሸንፋል ተባለ። በ2021 ደግሞ ኢቢሲ ሜይን የተባለው የአውሮፓ ጥናት 467 ሰዎች ይዞ መጣ፦ በአንድ ለተጀመረላቸው 14.7፣ ለሁለቱ 17.7 በመቶ፣ እሱም ልዩነት አለ የሚያስብል አልነበረም። አውሮፓውያኑ ሁለቱን ስቴንት ያስገቡት በአብዛኛው በሌላ ዘዴ ስለነበር ሁለቱን ጥናቶች ፊት ለፊት ማጋጨትም አይቻልም። ባለሙያዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ፣ ይከራከሩ።

እኔን የገረመኝ «ኦክቶበር» የተባለው የ2023ቱ ጥናት ነው። 1,201 የመገንጠያ ታካሚዎች ነበሩ፤ ለግማሾቹ ሐኪሙ በኤክስሬይ ብቻ ሠራ፣ ለሌሎቹ ግን በብርሃን የሚሠራ ቀጭን መመልከቻ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ስቴንቱ በደንብ መዘርጋቱን፣ ግድግዳው ላይ መለጠፉን አየ። በሁለት ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም የሞቱ፣ በታከመው ቦታ ምክንያት ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የደረሰባቸው ወይም ዳግም መታከም ያስፈለጋቸው በኤክስሬዩ በኩል 14.1፣ ውስጡ በታየላቸው በኩል 10.1 በመቶ ሆኑ። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም በ2024 ለእንዲህ ያለ ውስብስብ ቦታ ውስጡን እያዩ መሥራትን በጥብቅ መክሯል።

መመልከቻው ውድ ነው፣ አንዴ ካገለገለ ይጣላል፣ ሁሉም ጋ የለም። ቢሆንም ለሁለተኛ ስቴንት ብር የሚያዋጣ ዘመድ አዝማድ ከመፈረሙ በፊት «ዶክተር፣ ውስጡን እያያችሁ ነው የምትሠሩት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል?