ነጭ አዝሙድ ለሁሉም ሆድ አይስማማም

ባለፈው ወር አክስቴ ደወለችልኝ። «ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አለችኝ። ለካ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ አይታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ አዝሙድ በሙቅ ውኃ ስትጠጣ ከርማለች። ቪዲዮው «የሕንዶች የአዩርቬዳ ምስጢር ነው፣ የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል» ይላል።

ነጭ አዝሙድ እወዳለሁ። ያናደደኝ፣ አዩርቬዳ የተባለው የሕንዶች ባህላዊ ሕክምና የማይለው ነገር በአዩርቬዳ ስም መነገሩ ነው።

ሕንዶች ይህን ፍሬ አጅዋይን ይሉታል። በአዩርቬዳ አስተሳሰብ ምግብ የሚፈጨው ሆድ ውስጥ ባለ እሳት ነው፤ አግኒ ይባላል። እሳቱ ሲደክም ምግቡ በደንብ ሳይፈጭ ይቀራል። ሆድ ይነፋል፣ ሰውነት ይከብዳል። አጅዋይን ደግሞ ይህን እሳት ከሚቀሰቅሱት ቅመሞች አንዱ ነው። እስከዚህ ድረስ ቪዲዮው ልክ ነው።

የተዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አዩርቬዳ በሰው ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ ይላል። ቫታ ነፋሻው፣ ፒታ እሳታማው፣ ካፋ ከባዱና እርጥቡ። ሚዛን የሚባለው የእነዚህ መስማማት ነው። አጅዋይን ጠባዩ ሞቃት ስለሆነ ቫታንና ካፋን ያረግባል፣ ፒታን ግን ያባብሳል። ቃር የሚያስቸግረውና ደረቱን የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ ፒታው የበዛ ነው የሚባለው። አክስቴ ማለት ይቺ ናት! ደህና የአዩርቬዳ ሐኪም ቢያገኛት ኖሮ «ይሄን ተዪው» ነበር የሚላት።

በሕንድ ወጥ ቤት ውስጥም ቢሆን አጅዋይን የሚጨመረው በቁንጣሪ ነው። ፓራታ የሚባለው ቂጣ ሊጥ ውስጥ ይገባል። በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው ፓኮራም ላይ ይነሰነሳል። ጥራጥሬና ዘይት ሆድ ስለሚነፉ ነው። የእኛ እናቶችስ? ሽሮ ሲያስፈጩ ነጭ አዝሙድ ይጨምሩበታል። ሁለት ሕዝብ ያንኑ ፍሬ ከጥራጥሬ ጋር ማዋሉን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ያ ኃይለኛ ሽታው የሚመጣው ቲሞል ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመኖች ፍሬውን ከሕንድ እየገዙ ቲሞል ያወጡበት ነበር። በ1910ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሁክዎርም የተባለውን የአንጀት ትል ለማጥፋት ዘመቻ ሲካሄድ፣ ለሰው ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ቲሞል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ በሾርባ ማንኪያ፣ ለዚያውም በባዶ ሆድ?

አክስቴን ክሊኒክ ወሰድኳት። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘባት። ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያቆስል ያሳዩት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል። በምርመራ ይታወቃል፣ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ነጭ አዝሙድ ግን አያድነውም። እሷም አሁን መድኃኒቷን እየጨረሰች ነው።

ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ። ቅመሙን አስተዋውቁ፣ ጥሩ ነው። ግን መጠኑን ተናገሩ። «ጨጓራ ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይጠጡ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገርም ጨምሩበት። አምስት ሰከንድ አትፈጅም።